ያልተነቃነቀችው 50 ዶላር፦ የባለገመድ ጌም ሄድሴት የ23 ዓመት ዳሰሳ

ማይክሮሶፍት ኖቬምበር 15 ቀን 2002 ኤክስቦክስ ላይቭን ሲከፍት፣ በኢንተርኔት ተገናኝቶ መጫወት የፈለገ ሰው የሚገዛው ካርቶን ዋጋ 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ውስጡ የአንድ ዓመት አባልነትና ባንድ ጆሮ ላይ የምትንጠለጠል፣ ማይኳ ወደ አፍ የተዘረጋ ትንሽ ሄድሴት ነበሩበት። በ2016 ሃይፐርኤክስ «ክላውድ ስቲንገር»ን ይዞ ሲመጣ 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ጠየቀበት። በ2019 የስቲልሲሪስ «አርክቲስ 1» እና የሬዘር «ክራከን ኤክስ» በዚያችው ዋጋ ወጡ። ስቲንገር በ2022 በ«ስቲንገር 2» ተተካ፤ ዋጋው ግን አንዲት ሳንቲም አልጨመረም።

የአሜሪካን የዋጋ ግሽበት ይዘን ብናሰላ የ2002ቱ 50 ዶላር በ2024 ወደ 87 ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ ዋጋው ባለበት ቆመ ስንል ረከሰ ማለታችን ነው። ዕቃ ደግሞ የሚረክሰው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ አሠራሩ ቀልሎ፣ ወይ ከሆነ ቦታው ተሸርፎለት። የጌም ሄድሴት በሁለቱም መንገድ ሄዷል። በዚህ ዳሰሳ የምንከታተለው ያችን 50 ዶላር ነው፤ በየዘመኑ ምን ገዛች፣ ምንስ ተሸረፈባት? (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወዲሁ ሐሳቤን ልናገር። ስለ ሄድሴት ስናወራ ቶሎ የሚነሳው የድምፅ ጥራት ነው፤ ካርቶኑም የሚጮኸው ስለዚያ ነው። የርካሽ ባለገመድ ሄድሴትን ዕጣ የወሰነችው ግን ጆይስቲኩ ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት። ቀዳዳዋ ባልነበረችበት ዘመን ሄድሴቱ ጣጣ ነበር፤ ስትመጣ ንጉሥ ሆነ፤ ዛሬም በሕይወት ያለው በእርሷ ነው።

የአንድ ጆሮ ዘመን፦ ከ2002 እስከ 2005

ከኤክስቦክስ ላይቭ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2002፣ ለፕሌይስቴሽን 2 «ሶኮም» የተባለ የጦር ጌም ወጥቶ ነበር። ሎጂቴክ የሠራው ባለ ዩኤስቢ ሄድሴት ከጌሙ ጋር ባንድ ካርቶን ይሸጥ ነበር። ተጫዋቹ ከጓደኞቹ ጋር ከማውራቱም በላይ፣ ኮምፒዩተሩ ለሚያንቀሳቅሳቸው የጦር ጓዶቹ በቃሉ ትእዛዝ ይሰጥበት ነበር። የኤክስቦክሷ ደግሞ ጆይስቲኩ አናት ላይ ባለው የተጨማሪ ዕቃ ማስገቢያ ትሰካለች። ድምፅን አጎርንኖ ወይም አቅጥኖ የሚያሰማ «ጭምብል»ም ነበራት።

ዛሬ ላይ ሆኖ ሲመዘን ሁለቱም የማዳመጫ ስም አይገባቸውም፤ የስልክ ኦፕሬተር ዕቃ ነበሩ። የሚያሰሙት ወሬ ብቻ ነው። ጥይቱ፣ ሙዚቃውና የመኪናው ሞተር ከቴሌቪዥኑ ይወጣሉ። አንደኛው ጆሮ ጓደኛን ሲሰማ ሌላኛው ለሳሎኑ ክፍት ነው። ግን ፍርዱን ማክበድ አይገባም። የዚያን ጊዜው 50 ዶላር የገዛው ድምፅ አልነበረም፤ ሌላ ከተማ ካለ ሰው ጋር እያወሩ መጫወትን ነው። ያ ለኮንሶል ጌም አዲስ ነገር ነበር፣ በቂም ነበር።

የሽቦ ጫካ፦ ከ2005 እስከ 2013

ኤክስቦክስ 360 በኖቬምበር 2005 ሲመጣ ጆይስቲኩ ላይ 2.5 ሚሊሜትር የምትሰፋ ቀዳዳ ይዞ መጣ። በጊዜው ብዙ ሞባይሎች ላይ የነበረችው ዓይነት ናት። ግን በዚያች ቀዳዳ ያልፍ የነበረው ወሬ ብቻ ነው፤ የጌሙ ድምፅ አሁንም ቴሌቪዥኑ ዘንድ ቀረ። በ2006 የመጣው ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ጆይስቲኩ ላይ ቀዳዳ የሚባል ነገር አልነበረውም። ለወሬ ብሉቱዝ ወይም ዩኤስቢ ነበር የሚፈልገው።

ችግሩ የጎላው በ2007 ነው። «ሄሎ 3» እና «ኮል ኦፍ ዱቲ 4» በአንድ ዓመት ወጥተው ሚሊዮኖችን ኢንተርኔት ላይ አገናኙ። እንዲህ ባለ ጌም ውስጥ ከኋላ የሚመጣ የእግር ኮቴ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ተጫዋቹ ኮቴውንም ጓደኛውንም በሁለት ጆሮው መስማት ፈለገ። ተርትል ቢች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስም ያወጣው ይህን ፍላጎት ይዞ ነው።

«ኢር ፎርስ ኤክስ 11» የተባለውን ባለገመድ ሄድሴቱን ለመሰካት ግን የመብራት ሠራተኛ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። አንዱ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሄዳል፤ ዲቪዲ የነበረበት ቤት ሁሉ በሚያውቃቸው በነጩና በቀዩ መሰኪያ ድምፁን ይቀበላል። ሁለተኛው በዩኤስቢ ገብቶ ገመዱ ላይ ላለችው ማጉያ ኃይል ያመጣል። ሦስተኛው ከሄድሴቱ ወደ ጆይስቲኩ ተመልሶ ወሬውን ያገናኛል። በሳሎኑ መካከል ሦስት አራት ሜትር ገመድ ተዘርግቶ ይከርማል። ውሃ ሊጠጣ የተነሳ ሁሉ ይደናቀፍበታል።

በዚህ ዘመን ሁለት ነገር ጎልቶ ይታያል። አንደኛ፣ ርካሹ የኮንሶል ሄድሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ጆሮ ማሰማት ጀመረ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንዱ ኮንሶል የተገዛው ለሌላው አይሆንም ነበር። ከኤክስቦክስ ወደ ፕሌይስቴሽን የዞረ ሰው ሌላ አስማሚ ገመድ፣ አንዳንዴም ሌላ ሄድሴት ይገዛል። ዕቃው ሳያረጅ ይጣል ነበር።

ቀዳዳዋ፦ ከ2013 እስከ 2018

3.5 ሚሊሜትሯ ጃክ አዲስ ግኝት አይደለችም። ታላቅ እህቷ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ሴቶች ገመድ እየነቀሉ ይሰኩበት የነበረው ወፍራም መሰኪያ ናት። እርሷ ራሷ በኪስ ሬዲዮ አድጋ፣ በ1979 በሶኒ ዎክማን ዓለምን ዞረች። ወደ ኮንሶል ጆይስቲክ በሰፊው የገባችው ግን በኖቬምበር 2013፣ በፕሌይስቴሽን 4 ነው። ሶኒ የጌሙንም የወሬውንም ድምፅ በጆይስቲኩ አሳልፎ በዚያች አንዲት ቀዳዳ አወጣው። ካርቶኑ ውስጥ ለአንድ ጆሮ የምትሆን ቀጭን ማዳመጫ ጨምሮ ነበር፤ እርሷን ግን ማን ፈለጋት? መሳቢያ ውስጥ የተጣለው የሞባይል ኢርፎን ማይኩ ሳይቀር ይሠራ ነበር።

ኤክስቦክስ ዋን በሳምንቱ ተከተለ፤ ግን ያለ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ። ማይክሮሶፍት ለብቻው የሠራው ማስገቢያ ነበረው፤ ከሳጥኑ ጋር የመጣችውም እንደገና ባለ አንድ ጆሮ ናት። ተራውን ሄድሴት የሚያገናኘው አስማሚ በማርች 2014 በ24 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። አስቡት፤ ሄድሴቱ 50፣ ቀዳዳው ብቻውን 25 ዶላር! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በ2015 አጋማሽ ማይክሮሶፍት ጆይስቲኩን አሻሽሎ ጃኳን ሰካበት፤ ከዚያ ወዲህም አላነሳትም።

የኒንቴንዶ ነገር ደግሞ ለብቻው ይገርማል። በማርች 2017 የወጣው «ስዊች» ጃክ ነበረው፤ ግን በኒንቴንዶ ጌሞች ለማውራት ሞባይል ላይ የሚጫን መተግበሪያ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ለ«ስፕላቱን 2» የተሸጠው አንዱ ሄድሴት ገመዱ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ጫፍ ወደ ኮንሶሉ፣ ሌላው ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። የሽቦው ጫካ በትንሹ ተመልሶ መጣ። በጁን 2018 «ፎርትናይት» ወደ ስዊች ሲገባ ግን ያለ ስልክ፣ በጃኳ ብቻ ማውራት እንደሚቻል አሳየ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ልብ ይሏል። አፕል በሴፕቴምበር 2016 አይፎን 7ን ያለ ጃክ አወጣ፤ ብዙ የስልክ ሠሪዎችም ተከተሉት። ስልክ የጣላትን ቀዳዳ ኮንሶል አንስቶ አሳደጋት። ሳሎን ውስጥ ያለው ዕቃ፣ ኪስ ውስጥ ያለው የተዋትን ሲይዝ ማየት የተለመደ አይደለም። የርካሽ ሄድሴት ወርቃማ ዘመንም የተጀመረው በዚሁ ሰሞን ነው።

የፉክክሩ ዘመን፦ ከ2016 እስከ 2019

ጃኳ የጋራ ከሆነች በኋላ አንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ሄድሴት ሠርቶ ለሦስቱም ኮንሶሎች፣ ለኮምፒዩተርም ለስልክም መሸጥ ቻለ። ገመዱ ላይ ማጉያ አያስፈልግም፣ የዩኤስቢ ኃይል አያስፈልግም፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚሄድ ሽቦ አያስፈልግም። ወጪው ያን ያህል ወረደ። ከዚህ በፊት ለሽቦና ለማጉያ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ሄድሴቱ አካል መሄድ ቻለ።

«ክላውድ ስቲንገር» የዚህ ለውጥ ምሳሌ ነው። በፊቱ የነበረው ታላቅ ወንድሙ፣ የ2014ቱ «ክላውድ»፣ በቻይናው ታክስታር ኩባንያ «ፕሮ 80» አካል ላይ የተመሠረተና በብረት የተዋቀረ ነበር። ስቲንገር ብረቱን ባብዛኛው በፕላስቲክ ተክቶ 275 ግራም ላይ ቆመ። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የድምፅ ማመንጫ፣ ጆሮ ላይ ካለው ክዳን ሥር ተንሸራታች የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ ወደ ላይ ሲነሳ የሚዘጋ ማይክ፤ ይህ ሁሉ በ50 ዶላር። በተለይ ማይኳን አንስቶ መዝጋት ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን እናት በር ከፍታ ስትጠራ ቁልፍ ፍለጋ ገመድ መዳበስ ቀረ።

በሴፕቴምበር 2017 «ፎርትናይት» በነፃ የሚጫወቱትን የመቶ ሰው ፍልሚያ ሲከፍት ገበያው ሰማይ ነካ። ነፃ ጌም የሚጫወት ልጅ ውድ ዕቃ አይገዛም፤ ግን አራት ሆኖ ለመጫወት ማይክ የግድ ይለዋል። የተርትል ቢች የሽያጭ ገቢ በ2017 ከነበረበት 149 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ2018 ወደ 287 ሚሊዮን ዘለለ። አንድ ጌም የአንድን ኩባንያ ገቢ በዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ አስጠጋው።

በ2019 ፉክክሩ ጫፍ ደረሰ። ተርትል ቢች «ሪኮን 70»ን በ39 ዶላር ከ95፣ ኮርሴር «ኤችኤስ 35»ን በ39 ዶላር ከ99 አወጡ። «አርክቲስ 1» ማይኩ የሚነቀል በመሆኑ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ እንደ ተራ ሄድፎን ይለበስ ነበር። «ክራከን ኤክስ» 250 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ ማይኩ ግን አይነቀልም። ከእነዚህ መካከል ድምፁ የማይሰማ፣ ማይኩ የማይገባ አልነበረም። ከዚህ ዓመት በኋላ «የቱ ይሻላል» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ጆሮ መሆኑ ቀርቶ ራስ ቅልና ጉንጭ ሆነ፤ የቱ አይጨምቅም፣ የቱ አይከብድም፣ የቱ አያልብም?

ብልሃቱ ወደ ኮንሶሉ፦ ከ2020 እስከ 2025

በዚያ የፉክክር ዘመን ካርቶኖች ላይ የበዛ አንድ ቁጥር ነበር፤ 7.1። ተጫዋቹ ዙሪያውን በሰባት ስፒከር እንደተከበበ ይሰማል የሚል ተስፋ ነው። በ3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሚያልፈው ግን የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። 7.1ን የሚሠራው ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ ለምሳሌ የ«ክራከን ኤክስ»ና በ2020 የተከተለው «ብላክሻርክ ቪ2 ኤክስ» ለዊንዶውስ 10 የተሠራ ነበር። ኮንሶል ላይ ለሚጫወት ሰው ያ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሶኒ ማርች 18 ቀን 2020 የፕሌይስቴሽን 5ን አሠራር ሲያስረዳ፣ ዋና መሐንዲሱ ማርክ ሰርኒ ረጅም ጊዜ የሰጠው ለድምፅ ነበር። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው የጆሮው ቅርጽ፣ ራሱና ትከሻው ድምፁን በሚለውጡበት መንገድ ነው። ያንን ለውጥ በስሌት ማስመሰል ከተቻለ በሁለት ተራ ማዳመጫ ብቻ ከላይና ከታች፣ ከፊትና ከኋላ ማሰማት ይቻላል። «ቴምፔስት» የተባለው የኮንሶሉ የድምፅ ሞተር ይህን ይሠራል። ኮንሶሉ ሲወጣ ተጫዋቹ ከአምስት ዓይነት የጆሮ ቅንብር ለራሱ የሚስማማውን ይመርጥ ነበር፤ ለዚህም ጃክ ያለው ማናቸውም ሄድሴት ይበቃል። ማይክሮሶፍትም «ዊንዶውስ ሶኒክ»ን ከ2017 ጀምሮ በነፃ ሰጥቶ ነበር።

ይህ ለርካሹ ሄድሴት ያልታሰበ ሲሳይ ነው። በ2015 ውድ ዕቃ ብቻ ይሰጠዋል የተባለው ነገር በ2020 ከኮንሶሉ ጋር በነፃ መጣ። የ40 ዶላሩ ሄድሴት ሳይለወጥ፣ ባለቤቱ ኮንሶሉን በመቀየሩ ብቻ ተሻሻለ።

በዚሁ ዘመን ግን የኩባንያዎቹ ዓይን ወደ ገመድ አልባው ዞሯል። ሎጂቴክ ሄድሴት ሠሪውን አስትሮን በ2017 በ85 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤችፒ ሃይፐርኤክስን በ2021 በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው 2021 ስቲልሲሪስን ለመግዛት የተስማማው ጂኤን የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ነው። ጂኤን መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የጆሮ መርጃ መሣሪያ ይሠራል፤ ነገሩ የሚያስፈግግም የሚያሳስብም ነው። ተርትል ቢች በ2024 የጌም ዕቃ ሠሪውን ፒዲፒን በ118 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ገበያው በጥቂት እጆች ሲገባ፣ ባለገመዱ ለጀማሪ የሚቀመጥ የደጃፍ ዕቃ ሆነ። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው በ150 ዶላሩ ገመድ አልባ ላይ ነው።

ባለገመዱ ግን አንድ የማይነጠቅ ብልጫ አለው። ገመድ አልባው በኤክስቦክስ እንዲሠራ የማይክሮሶፍትን የራሱን የሬዲዮ ቋንቋ መናገር አለበት፤ ስለዚህም ለፕሌይስቴሽን የተሠራው ብዙውን ጊዜ ለኤክስቦክስ አይሆንም። የ2005ቱ ጣጣ ያለ ሽቦ ተመለሰ ማለት ነው። ባለገመዱ ከቤት ቤት፣ ከኮንሶል ኮንሶል ሲዞር ማንም አይጠይቀውም። ማይክሮሶፍት ራሱ በሴፕቴምበር 2021 ባለገመድ ሄድሴት በ59 ዶላር ከ99 አወጣ። በጁን 2025 የመጣው «ስዊች 2» ማይክ ኮንሶሉ ውስጥ ቀብሮ ቢመጣም፣ «ፕሮ» የተባለው ጆይስቲኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያችን ጃክ ይዟል።

50 ዶላር ዛሬ ምን ይገዛል?

ድምፅ፦ በቂ ነው። አብዛኞቹ ቤዙን ያበዙታል፤ ፍንዳታ ሲሰማ ያስደስታል፣ ኮቴን ግን ይሸፍናል። 50 ሚሊሜትር ከ40 ይበልጣል የሚለውን አትመኑ፤ ስፋቱ ሳይሆን አቃኛኘቱ ነው የሚለየው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ ባለገመድ የምንለው ሄድሴት ገመዱ ኮንሶሉ ድረስ አይደርስም። ጆይስቲኩ ላይ ነው የሚቆመው፤ ከኮንሶል እስከ ጆይስቲክ ድምፁ የሚሄደው በአየር ነው። ስለዚህ ውድ የስቱዲዮ ማዳመጫ ሰክቶ ተአምር መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የጆይስቲኩ ትንሽ ማጉያ አቅም ውሱን ነው። ለዚያ አቅም የሚመጥነው የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 32 ኦም አካባቢ የሆነ ቀላል ሄድሴት ነው። ሲሰካበትም የጆይስቲኩ ባትሪ ቶሎ ያልቃል።

ማይክ፦ ከሁሉ በላይ የተሻሻለው እርሱ ነው። የስልክ ድምፅ ያህል ግልጽ ነው፤ ለጓደኛ ይበቃል፣ ዩቲዩብ ላይ ለሚቀዳ ሰው አይበቃም። አንድ ነባር ጉድለት አለው፤ የግራው፣ የቀኙ፣ የማይኩና የመሬቱ መስመር አራቱም ባንድ ቀጭን ገመድ ስለሚሄዱ፣ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው የጌሙን ድምፅ በማይኩ መልሶ ለጓደኞቹ ሊልክ ይችላል። «አስተጋባኸን» የሚል ስሞታ ከመጣ መፍትሔው ድምፅ መቀነስ ነው።

ክብደት፦ ከ240 እስከ 280 ግራም ባለው መካከል ያለው ለሁለት ሰዓት አይሰማም። ከ300 ያለፈው አንገት ይቆጥረዋል።

የተሸረፈው ደግሞ እነሆ። 50 ዶላር ባለበት የቆየው ከመጋጠሚያው፣ ከገመዱና ከትራሱ ላይ እየተቀነሰ ነው። የራስ ቅስቱ ሲዘረጋ የሚሸከመው የፕላስቲክ ማጠፊያ ቶሎ ይሰነጠቃል። ገመዱ ሄድሴቱ ላይ የተጣበቀ ስለሆነ ሲበጠስ ሁሉም አብሮ ያልቃል። ትራሱን የሸፈነው ሰው ሠራሽ ሌዘር ላብ እየጠጣ በዓመት በሁለት ዓመት ይላላጥና አንገት ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ያራግፋል። እኔ ከተጠቀምኩባቸው አንዱ በስምንተኛ ወሩ ማጠፊያው ተሰብሮ፣ በጥቁር ስኮች ተጠቅልሎ ሌላ አንድ ዓመት አገልግሏል። ድምፁ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። በርካሽ ሄድሴት መጀመሪያ የሚሞተው አጥንቱ ነው።

በብር ሲመነዘር

በዶላር ያልተነቃነቀው ዋጋ እኛ ዘንድ አርፎ አያውቅም። በ2002 አንድ ዶላር 8 ብር ከ50 ገደማ ነበር፤ 50 ዶላር 425 ብር ማለት ነው። በ2016 ከ1,000 ብር አለፈ። ከጁላይ 2024ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ፣ በ2025 ዶላር ከ130 ብር በላይ ሲመነዘር፣ ያው 50 ዶላር ከ6,500 ብር በላይ ሆነ። ይህ እንግዲህ መጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ነው። አሜሪካ ለሚኖር ልጅ «ለጀማሪ» የተባለው ዕቃ አዲስ አበባ ሲደርስ የጀማሪ ዋጋ የለውም።

ደግሞም የኛ ሰው አጨዋወት ሄድሴት ጠሪ አልነበረም። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ አምስት ሰው ከኋላ ቆሞ እየፎገረ የኳስ ጌም የሚጫወትባቸው ናቸው። ተጋጣሚህ ክንድህን እየነካህ ባለበት ማይክ ምን ይሠራል? የዚያ ቤት ድምፅ የጋራ ነው፤ ጆሮውን የደፈነ ጨዋታው አመለጠው።

ሄድሴት የሚያስፈልገው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ካለ የአክስቱ ልጅ ጋር በኢንተርኔት የሚጫወት ነው፤ እርሱ ማይክ ያስፈልገዋል። ሌላው አንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰብ ጋር የሚኖርና ሁሉ ሲተኛ የሚጫወት ነው፤ እርሱ የሚፈልገው ቴሌቪዥኑን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው። ለዚህኛው ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ አትግዛ። ቤት ያለውን የሞባይል ኢርፎን ሰክተህ ሞክር። ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ከተሰማህ ወይም የሰው ንግግር ከጠፋብህ፣ የማይኩና የመሬት መስመሩ ቦታ የተለዋወጠበት የድሮ ስልክ ኢርፎን ስለሆነ ነው፤ ሌላ ሞክር።

መግዛት የግድ ለሆነበት ደግሞ፣ ሱቅ ውስጥ ሳሉ የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች አሉ። መሰኪያው ጫፍ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ይቁጠሩ፤ ሁለት ከሆነ ማይኩ በጆይስቲክ አይሠራም። የራስ ቅስቱን በሁለት እጅ ቀስ ብለው ዘርግተው ይጠምዝዙ፤ የሚንጫጫ ከሆነ ይተዉት። ገመዱን መሰኪያው አንገት ላይ አጥፈው እያወዛወዙ ያዳምጡ፤ አንድ ጆሮ ብልጭ ድርግም ካለ ያ ገመድ ውስጡ ተቆርጧል፣ በተለይ ዩዝድ ሲሆን። መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ አሥር ደቂቃ ይልበሰው፤ ነጋዴው ቢያጉረመርምም። «7.1» የሚል ጽሑፍ ዋጋ እንዲያስጨምርዎ አይፍቀዱ። የሚታወቅ ስም ተለጥፎበት ዋጋው እጅግ የረከሰውን ደግሞ ስሙን ትተው እንደ ስም የለሽ ዕቃ ይመዝኑት።

አንድ ነገር ግን በዋጋ አይለይም፤ ጆሮ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይሆን ይመክራል፤ ለልጆች 75 ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ89 ዴሲቤል የሚጫወት ሰው የሳምንት ድርሻውን በ5 ሰዓት ይጨርሳል፤ ለብዙ ልጅ ያ የአንድ ቅዳሜ ጨዋታ ነው። ድርጅቱ በማርች 2025 ለቪዲዮ ጌም ለብቻው የማዳመጥ ደንብ ማውጣቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ጆሮን ጥሩ አድርጎ የሚሸፍን ትራስ ያለው ሄድሴት ከውጪ ያለውን ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፅ ማብዛት አያስፈልግም፤ ስለ ትራስ ስጨቃጨቅ የነበርኩት ለዚህም ነው።

እንግዲህ ፍርዱ። ያች 50 ዶላር በ2002 ወሬ ገዛች፣ በ2007 ኮቴ ጨመረች፣ በ2016 ምቾት ጨመረች፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ከላይና ከታች የሚመጣውን ድምፅ ኮንሶሉ በነፃ ሰጣት። ለድምፅ ብሎ ከ50 ዶላር በላይ ማውጣት ለኮንሶል ተጫዋች ብዙም አያዋጣም። ለሚነቀል ገመድና ለሚቀየር ትራስ ብሎ 10 ዶላር መጨመር ግን ያዋጣል፤ በተለይ ዕቃው ሲሰበር ሌላ መግዣው ቀርቶ መጠገኛው ስኮች እንኳ በሚወደድበት አገር።

ለዚያ ሌሊት ለሚጫወተው ልጅ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጆሮውን የደፈነ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ የራስን ድምፅ መልሶ የማሰማት ነገር ባብዛኞቹ ርካሽ ሄድሴቶች የለም። ስለዚህ እንደሚያንሾካሹክ እያሰበ ይጮኻል። ቴሌቪዥኑ ዝም ብሏል፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ እሱ በ88ኛው ደቂቃ ጎል አግብቷል። ከዚያ ጩኸት የሚቀሰቀሱትን የሚያስተኛ ሄድሴት በ50 ዶላርም በ500ም አልተሠራም።